ከመሠረት ድንጋዩ በፊት፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራን ስታዲየም ወጪ መጠየቅ ለሚፈልግ የመሐል ከተማ ነዋሪ

በመስቀል አደባባይና በለገሀር መካከል የሚገኘው አሮጌው ስታዲየም ለመሐል አዲስ አበባ ሰው ተራ ሕንፃ አይደለም። በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው እዚያ ነው፤ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አገራችን ባስተናገደቻቸው ውድድሮችም ሜዳው አገልግሏል። ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ መቀመጫ ተቀምጦ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ፣ ከማን አንሼ ላይ ሳለ ዶፍ የወረደበት፣ ለጥላ ፎቅ ገንዘብ አጥሮት ሚስማር ተራ የገባ ሰው ሁሉ ስታዲየም ሲነሣ ትዝ የሚለው ወጣትነቱ እንጂ በጀቱ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ስታዲየም በሕዝብ ገንዘብ ሊሠራ ሲታሰብ ወይም አሮጌው በብዙ ወጪ ሊታደስ ሲባል «ይህ ገንዘብ እዚህ ላይ መዋል አለበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪን ከባለሥልጣኑ ቀድሞ የሚሞግተው ኳስ የሚወደው ጎረቤቱ ነው።

በሰፈራችን እድር ለዓመታት በጸሐፊነት ሳገለግል ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድና ስለ ልጆች መጫወቻ ብዙ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ብዙዎቹ መልስ አላገኙም፤ ጥቂቶቹ አግኝተዋል። መልስ ያገኙትን ካላገኙት የለያቸው የተጻፉበት ጊዜና የተላኩበት በር መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብም ከዚያው የመጣ ነው፤ ስለ ስታዲየም ወጪ የሚቀርብ ጥያቄ ፍሬ የሚያፈራው የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ሲደርስ ነው። ድንጋዩ ተቀምጦ እንግዶቹ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ፕሮጀክቱን «ይቆይ» ለማለት የሚደፍር ሰው አይገኝም፤ ከዚያ ወዲያ ለነዋሪው የሚቀረው ወጪውን እግር በእግር መከታተል ነው።

የትኛው ስታዲየም፣ የማን ገንዘብ

«ስታዲየም» በሚለው ቃል ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ለዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ የቆየው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሁለተኛው በቦሌ በኩል ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ60,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው አደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ነው። ሦስተኛው በየወረዳው የሚሠሩት፣ ጥቂት ሰው የሚያስቀምጡ ወይም ጭራሽ መቀመጫ የሌላቸው የሰፈር ሜዳዎች ናቸው። እነዚህን ቀላቅሎ «ስታዲየም አንፈልግም» የሚል ሰው የሰፈሩን ልጆች ሜዳ የሚቃወም ስለሚመስል ክርክሩን ገና በመጀመሪያው ቀን ይሸነፋል። የሚቃወሙት የትኛውን ሥራ፣ በየትኛው መጠንና በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ ወደ ጎረቤት አይሂዱ።

ገንዘቡ የማን እንደሆነ መለየት የሚንኳኳውን በር ይወስናል። ወጪው ከፌዴራል ግምጃ ቤት የሚወጣ ከሆነ ጥያቄው ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና በጀቱን ለሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። የከተማው ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የሚመለከታቸው ስፖርቱን የሚመራው ቢሮ፣ የፋይናንስ ቢሮና 138 መቀመጫዎች ያሉት የከተማው ምክር ቤት ናቸው። ከውጭ በብድር የሚመጣ ገንዘብ ከሆነ የብድር ስምምነቱ በአዋጅ እንዲጸድቅ ለተወካዮች ምክር ቤት ስለሚቀርብ፣ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣውን አዋጅ መመልከት ብቻውን ብዙ ነገር ያሳያል። በዕርዳታ የሚሠራ ስታዲየም ሲሆን ብዙ ሰው «ታዲያ እኛ ምን ከፈልን?» ብሎ ይተወዋል፤ ነገር ግን ለጋሹ ሕንፃውን ያስረክባል እንጂ የመብራቱን፣ የሣሩን፣ የጥበቃውንና የጥገናውን ወጪ ለሠላሳ ዓመት አይከፍልም። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ በርም አለ፤ ከታላላቆቹ ክለቦቻችን አንዳንዶቹ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችና ተቋማት ስለሆኑ ለእነርሱ የሚወጣው ገንዘብ በበጀት ሰነድ ላይ «ስፖርት» ተብሎ ባይጻፍም የሕዝብ ገንዘብ መሆኑ አይቀርም።

ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩ

የአደይ አበባ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ፣ በ2012 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ እንደሚፈጅ በወቅቱ ተገልጾ ነበር። ሁለቱን ደምሮ ለ60,000 ወንበር ቢያካፍሉት በግርድፉ ለአንድ ወንበር 117,000 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህን የመሰለ ቀላል ሂሳብ በእድር ስብሰባ ላይ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይሰማል፤ ሆኖም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም በ2008 ወይም በ2012 ዓ.ም. ብር የተጻፈን ዋጋ ከዛሬ ብር ጋር በቀጥታ የሚያነጻጽር ሰው በቀላሉ ይረታል። ዋጋ በጻፉ ቁጥር የየትኛው ዓመት ብር እንደሆነ አጠገቡ ያስፍሩ።

ሁለተኛው ሂሳብ የቀን ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ትልቅ ስታዲየም በዓመት 30 ቀን ጨዋታ ቢያስተናግድ 335 ቀን ባዶውን ይውላል፤ ጥበቃውና ጥገናው ግን በ365ቱም ቀን ይከፈላል። ይህ 30 የሚለው ቁጥር የእኔ ግምት ስለሆነ እንዳለ አይውሰዱት፤ ትክክለኛውን ከአዋጭነት ጥናቱ ውስጥ ይጠይቁ። ጥያቄው በእኛ አገር የተለየ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ለተወሰነ ጊዜ እንዲጫወቱ ተደርጎ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ሲካሄዱ ቆይተዋል። አንድ የአዲስ አበባ ስታዲየም በዓመት ስንት ጨዋታ እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዚህ አሠራር እንጂ በከተማው ሕዝብ ብዛት አይደለም።

ሦስተኛው «ስታዲየሙ ለአካባቢው ገቢ ያመጣል» የሚለው ነው። ይህ አባባል በአሜሪካ ለአሥርት ዓመታት ተጠንቶ አብዛኞቹ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውም ለመረዳት አይከብድም፤ በጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ገንዘቡን ያወጣ ሰው በሌላ ቀን በሌላ ሰፈር ቡና ቤት ወይም ሱቅ ሊያወጣው የነበረውን ነው ያወጣው። ገንዘቡ ከቦታ ቦታ ተዛወረ እንጂ አዲስ አልተፈጠረም። ከውጭ አገር የሚመጣ ተመልካች ሲኖር ነገሩ ይለያል፤ ስለዚህ ጥናቱ ስንት የውጭ ተመልካች እንደሚጠብቅና በምን መነሻ እንደገመተ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተቃራኒውን ክርክር ከባላጋራ ሳይጠብቁ ራስዎ ያንሡት። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ጨዋታው የእኛ የሜዳ ጨዋታ ቢሆንም የተካሄደው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚያጸድቀው ሜዳ በአገራችን አልነበረምና። ያን ቀን በደስታ ያልዘለለና በዚያው ልክ ያልተቆጨ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ካፍ ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ ሲያካሂድ ደግሞ አገራችን የ2029ን (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ፍላጎት እንዳላት ተገልጿል፤ ሃያ አራት ቡድን የሚካፈልበት ውድድር በርካታ ስታዲየሞችን ይጠይቃል። ለዚህ ክርክር ያለኝ መልስ አጭር ነው። ካፍ አንድን ሜዳ ለማጽደቅ የሚመረምረው የሣሩን ጥራት፣ መብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ መቀመጫውን፣ የሕክምናና የመገናኛ ብዙኃን ክፍሎቹን ነው፤ ለማጣሪያ ጨዋታ 60,000 ወንበር አያስፈልግም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ሜዳ ይኑረን ወይስ አይኑረን?» የሚል ሳይሆን «መሥፈርቱን የሚያሟላው ዝቅተኛ ወጪ ስንት ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ደብዳቤው

ይህ ክፍል ረዘም የሚለው በልምዴ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ተቃውሞ አይሁን፤ የመረጃ ጥያቄ ይሁን። ሰነዱን ሳያይ የተቃወመ ሰው «መረጃ የለውም» ተብሎ ይናቃል፤ ሰነድ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ግን ክልከላው ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል።

ሕጉ ከጠያቂው ጎን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጊዜው ሊራዘም ቢችልም ያለ ገደብ አይደለም። መልሱ እምቢታ ከሆነ ወይም ዝምታ ከሆነ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ጉዳዩ፦ የስታዲየም ፕሮጀክት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምንኖር ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የፕሮጀክቱ የአዋጭነት ጥናት፣ የውሉ ዋጋና በውሉ ላይ የተደረጉ ለውጦች፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ ግንባታው ሲያልቅ በየዓመቱ ለጥገናና ለአስተዳደር የተገመተው ወጪና ያንን የሚሸፍነው አካል፣ እንዲሁም ወጪው ከውሉ ዋጋ ቢያልፍ ልዩነቱ ከየት በጀት እንደሚከፈል የሚያሳይ ሰነድ ቅጂ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ከዚህ በላይ አንድም የምሬት ዓረፍተ ነገር አይጨምሩ። ምሬቱ እውነት ቢሆንም አንባቢው ሠራተኛ ጥያቄውን ትቶ ለምሬቱ መልስ እንዲሰጥ ሰበብ ይሆነዋል።

ግንባታው የፌዴራል ከሆነ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1210ን መጥቀስ ይጠቅማል፤ አዋጁ ፕሮጀክት ወደ በጀት ከመግባቱ በፊት በጥናት መደገፍና መገምገም እንዳለበት ያዝዛል። ጥናቱ ካለ ቅጂውን ይጠይቃሉ፤ ከሌለ ያለመኖሩ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ነጥብ ነው።

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ይዘው ራስዎ መዝገብ ቤት ይሂዱ። አንዱን ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይዘው ይመለሱ፤ ሦስተኛውን በግልባጭ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያድርሱ። እኔ በአንድ ወቅት ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፍኩትን ደብዳቤ «ለኃላፊው በእጅ እሰጥልሃለሁ» ላለኝ ደግ ሰው ሰጥቼ ተመልሼ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ሄጄ ስጠይቅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስለመድረሱ በመዝገቡ ላይ አንዳች ነገር አልተገኘም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው።

መቼ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የፌዴራል ረቂቅ በጀት ለተወካዮች ምክር ቤት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ነው። ብዙ ሰው በሰኔ ዜናውን ሰምቶ በሰኔ ይጽፋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ቁጥሩ ታስሯል። መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን የሚያዘጋጁት በበጋው ወራት ስለሆነ የመረጃ ጥያቄዎ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ቢገባ መልሱን ይዘው በየካቲት አስተያየት ማቅረብ ይችላሉ። በዓመቱ መካከል የሚጸድቅ ተጨማሪ በጀት እንዳለም አይርሱ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጽድቋል። እንዲህ ያለው በጀት ከመደበኛው ይልቅ በአጭር ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ፋይሉን አስቀድሞ ያዘጋጀ ካልሆነ በቀር ማንም አይደርስበትም።

ጎረቤትን ማሰባሰብ

መጀመሪያ የሚያነጋግሩት የሰፈሩን የልጆች ቡድን የሚያሠለጥነውን ሰው ይሁን። ኳስ የሚወድ ሰው ከጎንዎ ሳይኖር የሚጀመር ተቃውሞ «ኳስ ጠሎች» የሚል ስም ይወጣለታል፤ አሠልጣኙ ግን ኳስ የገዛው በራሱ ገንዘብ፣ የሚያሠለጥነውም ጠጠር ላይ ስለሆነ ከማንም በላይ ሂሳቡ ይገባዋል። ከዚያ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ይሂዱ። በእኛ ሰፈር አንድ ወጣት ስለ አንድ ሜዳ ጉዳይ ሰብሳቢያችንን ሲያነጋግር አጠገባቸው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ኳሱን አልጠላንም። ሂሳቡን አሳዩን ነው የምንለው።»

«ሂሳብ ለማየት ምን ጫጫታ ያስፈልጋል፣ ልጄ? ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ አንብቤ ካመንኩበት እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ።»

ፈረሙም፤ ከእርሳቸው በኋላ እነ እትዬ ሁሉ ተከታተሉ። ሽማግሌው የጠየቁት ትክክል ነበር፤ ያላነበቡትን ነገር እንዲፈርሙ ማንንም አይጠይቁ። በፊርማ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይበቃል፤ ስልክ ቁጥር ለብቻው በጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። የእድሩን ገንዘብ ለዚህ ሥራ አንድም ብር አያውጡ፤ እድር ለቀብርና ለመረዳዳት የተሰበሰበ ነው፣ አንድ አባል እንኳ ቢቃወም ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ለፎቶኮፒና ለትራንስፖርት የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ ፈቃደኞች ቢያዋጡት ይሻላል። ሥራው እየሰፋ ከሄደና ቋሚ ማኅበር ማቋቋም ከፈለጉ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ቀድሞ ከነበረው ሕግ ይልቅ ለአገር በቀል ድርጅቶች በሩን ከፍቷል፤ ለአንድ ስታዲየም ጥያቄ ግን ምዝገባ ውስጥ መግባት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ወረዳው የሕዝብ ውይይት መድረክ ሲጠራ ይገኙ፤ አካሄዱን ግን አስቀድመው ይወቁ። ገለጻው ረጅም ይሆናል፣ ጥያቄዎች አምስት ስድስት ሆነው በአንድነት ይሰበሰባሉ፣ መልሱም ጥቅል ይሆናል። የእርስዎ ጥያቄ ከሌሎቹ መካከል እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይዘው ይሂዱ፤ በአንድ ደቂቃ ያንብቡት፤ ወረቀቱን ለመድረኩ መሪ ሰጥተው በቃለ ጉባኤ እንዲያያዝ ይጠይቁ። የተለያዩ ሦስት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ከሚደጋግሙት አንዱ ስለ ገንዘቡ ምንጭ፣ ሌላው ስለ ጥገናው ወጪ፣ ሦስተኛው ስለ ልዩነቱ ከፋይ ቢጠይቁ መልስ ሰጪው ማምለጫ ያጥረዋል።

ሌሎች አገሮች ካሳለፉት የሚወሰደውና የማይወሰደው

በውጭ አገር የተሳኩት ተቃውሞዎች አብዛኞቹ በድምፅ መስጫ የተቋጩ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1972 የኮሎራዶ መራጮች ለ1976 የክረምት ኦሊምፒክ ገንዘብ እንዳይወጣ ድምፅ ሰጥተው ውድድሩ ከዴንቨር ወደ ኢንስብሩክ ተዛውሯል። በ2015 የሐምቡርግ ነዋሪዎች 51.6 በመቶ ሆነው ኦሊምፒክን እምቢ ብለዋል። በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) በሚዙሪ የሚገኘው የጃክሰን ካውንቲ ሕዝብ ለሁለት ክለቦች ስታዲየም የሚውል የሽያጭ ታክስ 58 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ ውድቅ አድርጓል። እኛ ዘንድ በጀት በሕዝበ ውሳኔ ስለማይወሰን ከእነዚህ በቀጥታ የምንወስደው ስልት የለም።

የቦስተን ታሪክ ግን ይጠቅመናል። የ2024ን ኦሊምፒክ ለማምጣት ታስቦ በነበረበት ጊዜ «ኖ ቦስተን ኦሊምፒክስ» የተባለው ጥቂት ሰዎች የመሠረቱት ቡድን አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ አለ፤ ወጪው ቢያልፍ ማን ይከፍላል? በሐምሌ 2015 (እ.ኤ.አ.) የከተማዋ ከንቲባ የዋስትና ውሉን እንደማይፈርሙ ሲያስታውቁ በዚያው ዕለት ዕቅዱ ተሰረዘ። ሞንትሪያል በ1976 ለኦሊምፒክ የሠራችውን ስታዲየም ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 መሆኑን ለጎረቤት መንገር ይህን ጥያቄ የበለጠ ያጎላዋል። ከላይ ባለው የደብዳቤ ናሙና ውስጥ የመጨረሻው ጥያቄ የገባው ለዚሁ ነው፤ አንድ ብቻ መጠየቅ ቢፈቀድልዎ እርሱን ይጠይቁ።

ሁለተኛው የሚጠቅመን የዲትሮይት ነው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የታይገር ስታዲየም ወዳጆች ማኅበር የቤዝቦል ደጋፊዎች ስብስብ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አሮጌውን ስታዲየም እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን አቀፉት፤ በ1990 ደግሞ ሕንፃው በአነስተኛ ወጪ እንዴት ሊታደስ እንደሚችል የሚያሳይ የራሳቸውን ንድፍ አዘጋጅተው አቀረቡ። በመጨረሻ ተሸንፈዋል፤ ስታዲየሙ በ1999 ተዘግቷል። ሆኖም ለአሥር ዓመት ያህል ማንም «ኳስ ጠሎች» ሊላቸው አልቻለም፤ አማራጭ ይዘው ስለቀረቡ ከተማው የአዲሱን ዋጋ ለማስረዳት ተገዷል። በእኛ በኩል ይህን የመሰለ አማራጭ ለማዘጋጀት አንድ ሲቪል መሐንዲስና አንድ የግንባታ ዋጋ ተማኝ ጎረቤት ማግኘት ይበቃል፤ በመሐል ከተማ እነዚህ አይጠፉም። አሮጌውን በካፍ መሥፈርት ልክ ማደስ ስንት ይፈጃል? በዚያው ገንዘብ ስንት የሰፈር ሜዳ መብራትና መጸዳጃ ይገባለታል?

የ2010 የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ በደቡብ አፍሪካዋ ምቦምቤላ ለስታዲየሙ ቦታ ሲባል ትምህርት ቤቶች ተነሥተው ተማሪዎች ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ እንዲማሩ ሲደረግ ተማሪዎቹ ራሳቸው አደባባይ ወጥተው ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በብራዚል አደባባዮች የተሰማው ጥያቄ ደግሞ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱም በፊፋ ደረጃ ይሠራልን የሚል ነበር። ይህን አባባል ለሰፈር ስብሰባ መዋስ ይቻላል፤ አድማጩ ወዲያው ይገባዋል።

ቤት ወይም ሜዳ ሲነካ

ፕሮጀክቱ ነዋሪ የሚያነሣ ከሆነ ጉዳዩ ከወጪ ጥያቄ ያልፋል፤ በተለየ ፋይል መያዝ አለበት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል፤ ሪፖርቱን ይጠይቁ። ስለ ካሳና ስለ መነሣት የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከወጣ በኋላ ስለተሻሻለ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከማሻሻያው ጋር ይያዙ፤ የአቤቱታ ማቅረቢያ ቀኖቹ አጭር በመሆናቸው የመነሻ ትእዛዝ በደረሰበት ዕለት የሕግ ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት ተከራይና የግል ባለይዞታ መብታቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ አቤቱታ አይቀላቀሉ።

ክፍት ቦታም እንደ ቤት ይነካል። ጃን ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ጊዜያዊ መዋያ ሆኖ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች «ጊዜያዊ» የተባለን ነገር ሁሉ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ እንዳለብን እናውቃለን።

ሰላማዊ ሰልፍ

አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ ከመደረጉ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው እንዲለወጥ ከፈለገ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ከሆስፒታል፣ ከአምልኮ ቤቶችና ከኤምባሲዎች መራቅን የሚያዝዘው ድንጋጌ በመሐል ከተማ ቦታ መምረጥን ከባድ ያደርገዋል። የእኔ ምክር ሰልፉ የመጨረሻ እንዲሆን ነው። ሰነድ ያልጠየቀ፣ አማራጭ ያላዘጋጀ ሰልፈኛ አንድ ቀን ይታያል፤ ከዚያም ነገሩ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ የገንዘቡ ጥያቄ ይረሳል።

ድንጋዩ ከተቀመጠ

ሁሉም ከሽፎ ግንባታው ከተጀመረ ፋይሉን አይዝጉ። ዋና ኦዲተሩ ለምክር ቤት የሚያቀርበውን ዓመታዊ ሪፖርት በየዓመቱ ያንብቡ፤ የፌዴራል ፕሮጀክት ከሆነ የፌዴራሉን፣ የከተማ ከሆነ የከተማውን። ምክር ቤቱ ሪፖርቱን የሚመረምርበት ቋሚ ኮሚቴ ስላለው ከሪፖርቱ አስቀድሞ «ስለዚህ ፕሮጀክት ይህን ይጠይቁልን» የሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከመጀመሪያው የመረጃ ጥያቄ ቅጂና ከገቢ ቁጥሩ ጋር አያይዘው ያስገቡ። በውሉ የተጻፈው የማጠናቀቂያ ቀን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ያንኑ የመረጃ ጥያቄ በአዲስ ቀን ይድገሙት፤ የተራዘመው ጊዜና የጨመረው ዋጋ በሁለቱ መልሶች መካከል ይታያል።

ፋይሉ ሁለት ቅጂ ይኑረው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካሳንቺስ ሰዎች ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሲበተኑ የብዙ እድር ሰነድ በየሻንጣው ጠፍቷል፤ አንዳንዱ መዝገብ ዛሬም ማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ አንደኛው ቅጂ በጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ፤ ሁለተኛውን ከሰፈሩ ውጭ ለሚኖርና ስልኩን ለማይቀይር አባል ያስረክቡ፤ ያስረከቡበትንም ቀን በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ።